የውሃ ፓምፕ ፑሌጃ ልክ በአሮጌ መኪኖች ታሪክ

መግቢያ

ስለ ኦቶሞቢል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በአብዛኛው የሚያነሡት ስለ ፈልሳፊዎቹ፣ ስለ ፋብሪካዎቹና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። በሞተሩ ፊት ለፊት ቺንጋ ተጠምጥሞበት ስለሚዞረው መንኮራኩር፣ በጋራዥ ቋንቋ ፑሌጃ ስለሚባለው፣ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር የተነሣነው ይህንኑ ትንሽ ዕቃ ነው። ጥያቄያችንም እንዲህ የሚል ነው፤ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ፑሌጃ ልኩ ይህን ያህል ይሁን ብለው መሐንዲሶች በየዘመኑ የወሰኑት በምን ምክንያት ነው? ዛሬ አሮጌ መኪና ያለው ሰውስ ያንን ልክ ልለውጥ ቢል አስቀድሞ ምን መመርመር ይገባዋል?

ነገሩ የመካኒክ ብቻ እንጂ የታሪክ ተማሪ ጉዳይ አይመስልም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ፑሌጃው የተቆረጠበት ልክ መኪናው ለምን ዓይነት መንገድ፣ ለምን ዓይነት አየርና ለምን ዓይነት አነዳድ እንደ ተሠራ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ሞተሬ ይሞቃል ብሎ አሮጌውን ፑሌጃ አውጥቶ የጣለና በቶርኖ ቤት ያነሰ አስቀርጾ ያስገባ ሰው ሰነዱን ሳያነብ እንደ ቀደደው ይቆጠራል። ጉዳቱም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፤ ቴስታታ እስኪጣመምና ሞተር እስኪጠፋ ድረስ ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

1. ፓምፕ ሳይኖር

ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለሦስት እግር መኪና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃውን እያፈላና እያተነነ ነበር። ውሃው ሲያልቅ መጨመር የግድ ነው። በ1888 ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ባደረገችው ጉዞ በየመንገዱ እየቆመች ውሃ ትሞላ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ የማቀዝቀዝ ጥያቄ ማለት የውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ የት አለ የሚል ጥያቄ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህን የለወጠው ቪልሄልም ማይባህ ነው። በ1900 መጨረሻ ተሠርቶ በ1901 ስሙ በገነነው ባለ35 የፈረስ ጉልበት የመርሴዲስ መኪና ላይ የማር እንጀራ የሚመስል፣ ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ቱቦዎች የተሰበሰበ ራዲያተር አበጀለት። ውሃው እየተነነ መጥፋቱ ቀርቶ እየዞረ የሚቀዘቅዝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ውሃው ከየት ይገኛል መሆኑ ቀርቶ ውሃው በምን ኃይል ይዞራል ወደሚል ተዛወረ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ተሰጠ። አንደኛው ፓምፕ ነው። ሁለተኛው ያለ ፓምፕ በሙቀት ብቻ ማዞር ነው። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀልል ከሲሊንደሮቹ ዙሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከራዲያተሩ አናት ገብቶ እየቀዘቀዘ ይወርዳል፤ ከታች በኩልም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የሁለቱ መልሶች ታሪክ በአንድ መኪና ላይ ተገናኝቶ ይታያል። ፎርድ በ1908 ቲ ሞዴል የተባለውን መኪና ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ 2,500 ያህል መኪኖች የውሃ ፓምፕ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ግን ፓምፑ ተነሣ፤ እስከ 1927 ድረስ የተሠሩትና ቁጥራቸው ከ15 ሚሊዮን ያለፈው መኪኖች ከጥቂቶቹ በቀር በሙቀት ዝውውር ብቻ ሠሩ።

ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሞተሩ በሞቀ መጠን ውሃው ራሱ ፈጥኖ ይዞራልና የሚመረጥ የፑሌጃ ልክ የለም፤ የሚያፈስ ፓምፕም የለም። ድካሙ ግን ግልጽ ነው። የውሃው መጠን ከላይኛው ቱቦ አፍ ዝቅ ካለ ዝውውሩ ይቆማል። ቱቦዎቹ ሰፋፊ፣ ራዲያተሩም ረጅም መሆን አለበት። ባለ20 የፈረስ ጉልበት ሞተርን ያረካ ዘዴ ጉልበቱ እጥፍ ለሆነ ሞተር የሚበቃ አልነበረም።

2. አንድ ቺንጋ፣ አንድ ዘንግ

ፓምፑ ተመልሶ የመጣው ከቺንጋው መሻሻል ጋር ነው። በቲ ሞዴል ማራገቢያውን የሚያዞረው ጠፍጣፋ የቆዳ ቺንጋ ነበር፤ ይህም በእርጥበትና በዘይት ይንሸራተታል። በ1917 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ጆን ጌትስ ከጎማና ከጨርቅ የተሠራ፣ ጎኑ እንደ ሽብልቅ የሚጠብ ቺንጋ አወጣ። ይህ ቺንጋ በፑሌጃው ጎድጓዳ ውስጥ በጎንና በጎኑ ስለሚጨበጥ ብዙ ሳይወጠር ኃይል ያስተላልፋል።

በ1927 መጨረሻ የወጣው የፎርድ ኤ ሞዴል የዚህን ፍሬ አሳየ። ፓምፑና ማራገቢያው በአንድ ዘንግ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ቺንጋ እነርሱንና ዲናሞውን አብሮ አዞረ። ይህ አቀማመጥ ከዚያ በኋላ በመላው ዓለም ለአርባ ዓመት ያህል እንደ ልማድ ሆኖ ኖረ። ርካሽና ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ። ፓምፑ ውሃ ይገፋል፣ ማራገቢያው ነፋስ ይስባል፣ ዲናሞው መብራት ይሰጣል፤ የሦስቱም ፍላጎት የተለያየ ሲሆን የሚዞሩት ግን ባንድ ቺንጋ ነው። በዋናው ዘንግ ላይ ያለውን ፑሌጃ የለወጠ ሰው የሦስቱንም ፍጥነት ለወጠ ማለት ነው። የፓምፑን ብቻ የለወጠም የማራገቢያውን ፍጥነት አብሮ ለወጠ።

3. የልኩ ሒሳብ

የፓምፑ ፍጥነት የሚገኘው የሞተሩን ፑሌጃ ስፋት ለፓምፑ ፑሌጃ ስፋት በማካፈል ነው። የሚለካውም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይሆን ቺንጋው በእርግጥ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ያህል የሞተሩ 150 ሚሊሜትር፣ የፓምፑ 125 ሚሊሜትር ቢሆን ፓምፑ ከሞተሩ 1.2 ጊዜ ይፈጥናል። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 700 ጊዜ ሲዞር ፓምፑ 840 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ 5,000 ሲደርስ ፓምፑ 6,000 ይደርሳል።

አሁን ባለመኪናው የፓምፑን ፑሌጃ ወደ 100 ሚሊሜትር ቢያሳንሰው ልዩነቱ 1.5 ይሆናል። በሚኒሞ ጊዜ ፓምፑ 1,050 ጊዜ ስለሚዞር የሚገፋው ውሃ በሩብ ያህል ይጨምራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ሕግ እንደሚከተለው ነው፤ የሚገፋው ውሃ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ የሚፈጥረው ግፊት እንደ ፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ የሚበላው ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ እንደ ተባዛ ያድጋል። ስለዚህ ሩብ ያህል ተጨማሪ ውሃ ለማግኘት ፓምፑ የሚበላው ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማራገቢያውም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በተጨማሪም ፑሌጃው ባነሰ መጠን ቺንጋው የሚጨብጠው ክፍል ስለሚያጥር መንሸራተት ይጀምራል።

ከሁሉ የሚከፋው በላይኛው ፍጥነት የሚደርሰው ነው። ፓምፑ በደቂቃ 7,500 ጊዜ ሲዞር ክንፎቹ ውሃውን የሚስቡበት ወገን ግፊቱ እጅግ ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና ከክንፎቹ አጠገብ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ቦታ ስለሚይዝ የሚገፋው ውሃ ይቀንሳል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱም ብረቱን ይቦረቡራሉ። ፓምፑ የበለጠ እየዞረ ያነሰ ውሃ የሚገፋበት ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ የፑሌጃ ልክ ማለት በሁለት ጫፎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፤ በአንድ ወገን ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚበቃ ውሃ መስጠት፣ በሌላው ወገን ሞተሩ ሲፈጥን አረፋ አለመፍጠር።

4. ሦስት ምሳሌዎች

ይህ ስምምነት በታሪክ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ለማሳየት ሦስት ምሳሌዎችን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው በ1932 የወጣው ባለስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር ነው። 3.6 ሊትርና 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣው በሞተሩ ቤት መካከል በውሃው መንገድ በኩል አልፎ ስለ ነበር ውሃው ብዙ ሙቀት ይሸከም ነበር። ፓምፖቹ ሁለት ሲሆኑ የተቀመጡት በቴስታታዎቹ ላይ ነው፤ ይኸውም ሥራቸው ከሞተሩ የሚወጣውን ሙቅ ውሃ መሳብ ነበር። ለመፍላት የቀረበን ውሃ መሳብ ደግሞ ከላይ የተናገርነውን አረፋ መጋበዝ ነው። በ1937 ፎርድ ፓምፖቹን ወደ ሞተሩ ቤት ፊት አወረዳቸው፤ ከራዲያተሩ ቀዝቅዞ የመጣውን ውሃ ወደ ሞተሩ የሚገፉ ሆኑ። እኛ ከዚህ የምንማረው የፓምፑ ፍጥነት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ነው፤ ፓምፑ አፍ ላይ የሚደርሰው ውሃ ምን ያህል ሞቃት ነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1960ዎቹ የተሠሩት የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። በመኪና ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ እየተለመደ ሲሄድ ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ተተከለ፤ ባለመኪናውም በከተማ መጨናነቅ መካከል ሞተሩን ሳያጠፋ መቆየት ጀመረ። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ለባለማቀዝቀዣዎቹ መኪኖች የተለየ ፑሌጃ አበጁ። ክራይስለር በባለስምንት ሲሊንደር ሞተሮቹ ላይ ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ስምንት ክንፍ ያለው ፓምፕ በዝግታ፣ ማቀዝቀዣ ላላቸው ደግሞ ስድስት ክንፍ ያለው ፓምፕ በአነስተኛ ፑሌጃ በፍጥነት እንዲዞር አደረገ። ፑሌጃው ሲያንስ ክንፉም አብሮ መቀነሱን ልብ ይሏል። ዛሬ ከአንዱ መኪና ፓምፑን፣ ከሌላው ፑሌጃውን ወስዶ የሚያገጣጥም ሰው አንድ ሆኖ የታሰበውን ነገር ይለያየዋል።

ሦስተኛው በአገራችንም በሚገባ የታወቀው ፊያት 600፣ ሕዝቡ ሰይቼንቶ የሚለው ነው። በ1955 ሲወጣ ሞተሩ 633 ሴንቲሜትር ኩብ ሲሆን የተቀመጠው ከኋላ ነው። ራዲያተሩም ከሞተሩ ጎን ነበር፤ ማራገቢያው በፓምፑ ዘንግ ቅጥያ ላይ ተተክሎ ነበር። መኪናው ሲሄድ ከፊት የሚመታው ነፋስ ራዲያተሩን በቀጥታ ስለማያገኘው ቀዝቃዛ አየር የሚመጣው በማራገቢያው ብርታት ነው። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ ላላ ያለ ቺንጋ ወይም ልኩ የተሳሳተ ፑሌጃ የሚያስከትለው ጉዳት ሞተሩ ከፊት ካለ መኪና ይልቅ ፈጥኖ ይታያል። በተቃራኒው በዚያው ዘመን የነበረው ቮልስዋገን ውሃውን ፈጽሞ ትቶ በአየር ብቻ ቀዘቀዘ፤ ከቺንጋና ከፑሌጃ ግን እርሱም አላመለጠም፤ ማራገቢያው የሚዞረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነበርና።

5. «ውሃው ፈጥኖ ስላለፈ አልቀዘቀዘም» ስለሚለው አባባል

በብዙ አገር መካኒኮች ዘንድ የሚነገር አንድ አባባል አለ። ፓምፑ ከፈጠነ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም ይባላል። እኛ ይህን አባባል በጥንቃቄ ልናየው ይገባል እንላለን። ውሃው የሚዞረው በተዘጋ መንገድ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ካጠረ በሞተሩ ውስጥ ሙቀት የሚቀበልበትም ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ፈጥኖ ይመለሳል። እንዲያውም ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ በቱቦው ውስጥ ስለሚናወጥ ሙቀቱን ለብረቱ በተሻለ ሁኔታ ያስረክባል።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? መካኒኮቹ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው። ፓምፑ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ሦስት ነገሮች ይደርሳሉ። አንደኛ፣ ከላይ የተናገርነው አረፋ ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ የታችኛው የጎማ ቱቦ በመሳብ ብዛት ተጨፍልቆ መንገዱን ይዘጋል፤ ስለዚህም ነው በብዙ መኪኖች በዚህ ቱቦ ውስጥ የሽቦ ሞላ የሚገባው። ሦስተኛ፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ራዲያተር ክዳኑ ያለው ከሞተሩ የሚመጣው ውሃ በሚገባበት ወገን ስለ ሆነ የፓምፑ ግፊት ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ያፈስሰዋል። ሹፌሩ ይህን ሲያይ ውሃው ፈላ ይላል፤ በእርግጥ ግን የፈሰሰው ተገፍቶ ነው። በ1960ዎቹ የተስፋፋው ውሃው ወደ ጎን የሚሄድበት ራዲያተር ክዳኑን ወደ ፓምፑ መሳቢያ ወገን በማዛወር ይህን ችግር አቃለለ።

6. የከፍታ ጉዳይ

እስከ አሁን የጠቀስናቸው መኪኖች ሁሉ የታሰቡት በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ለማይሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክዳኑ በማይጠብቅ ራዲያተር ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚወጣበት በጣርማ በር ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። አየሩም በአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያነሰ ነው።

እርግጥ የሳሳው አየር የሞተሩንም ጉልበት ስለሚቀንስ የሚወጣው ሙቀት አብሮ ይቀንሳል። ነገር ግን የሚጫነው ጭነትና የሚወጣው ዳገት አይቀንሱም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ማርሽ እያወረደ ነዳጁን ረግጦ ረጅም ጊዜ ይወጣል። እዚህ ላይ መለየት የሚገባ ነገር አለ። በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሞተር ፈጥኖ ይዞራል፤ ፓምፑም ከእርሱ ጋር ይፈጥናል። የጎደለው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳልና። በዚህ ጊዜ ፑሌጃውን ማሳነስ ማራገቢያውን ቢረዳም ፓምፑን ወደ አረፋ ይገፋዋል፤ ውሃው ከመፍላት በጥቂት ዲግሪ ብቻ በራቀበት በደጋ አገር አረፋው ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የሚሻለው ማራገቢያውን ሰፊ ክንፍ ወዳለው መለወጥና ነፋሱን ወደ ራዲያተሩ የሚሰበስብ የቆርቆሮ ከለላ ማድረግ ነው።

የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ከፑሌጃው በፊት መታየት አለበት። ግፊት የሚይዝ ክዳን ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። 0.28 ባር ብቻ የሚይዝ አሮጌ ክዳን በአዲስ አበባ የመፍያውን ዲግሪ ወደ 100 ይመልሰዋል፤ ይኸውም ክፍት ራዲያተር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር እኩል ነው። አንድ ባር የሚይዝ ክዳን በባሕር ዳርቻ 120፣ በአዲስ አበባ 116 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ሆኖም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ አሮጌ ራዲያተር ከፍተኛ ግፊት ቢጫንበት የተበየደበት ቦታ ይለቃልና ከተሠራበት ልክ ማለፍ አይገባም።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የምንደርስበት ሐሳብ አጭር ነው። የፑሌጃው ልክ በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም፤ ከፓምፑ ክንፍ፣ ከማራገቢያው፣ ከራዲያተሩና ከታሰበለት መንገድ ጋር ተመዛዝኖ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ የሚሞቅ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ፑሌጃ ላስገባ» ብሎ ሳይሆን «የሚሞቀው መቼ ነው» ብሎ ነው። የሚሞቀው በሜዳ መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ከሆነ ፓምፑም ነፋሱም በቂ ናቸውና ጥፋቱ ከተደፈነ ራዲያተር፣ ከተጨፈለቀ ቱቦ ወይም ከማቀጣጠያው ጊዜ ይፈለግ። የሚሞቀው በዳገት ከሆነ ማራገቢያውና ከለላው ይታዩ። በከተማ ቆሞ በሚኒሞ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና የቺንጋው ውጥረት ደህና መሆናቸው ከታየ በኋላ፣ ያን ጊዜ የፑሌጃው ነገር ሊነሣ ይችላል። ያም ቢሆን ለውጡ ትንሽ ይሁን፤ ከላይኛው የሞተር ፍጥነት ጋር ተባዝቶም አስቀድሞ ይሰላ።

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን አንድ ነገር እንጨምራለን። በከተማችን ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገሉት ሰይቼንቶና ላዳ አሁን በየጓሮው እየተፈቱ ብረታቸው በኪሎ ይሸጣል። ከእነርሱ ጋር የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ከፍታ ምን ልክ እንደ ሠራና ምን ልክ እንዳልሠራ የሚያስረዳው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌ ፑሌጃ የሚለውጥ ሰው የወጣውን ዕቃ ከመጣሉ በፊት ስፋቱን ለክቶ፣ ከየትኛው ሞተርና ከየትኛው ዓመት እንደ ወጣ፣ ከለውጡም በኋላ ሞተሩ እንዴት እንደ ሆነ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ከእኛ በኋላ ይህን ጉዳይ ለሚያጠኑት ትልቅ ርዳታ ይሆናል።